ትምህርት ወይስ አገልግሎት? የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በየቤተክርስቲያናችን አንድ ክርክር ይነሣል። የመዘምራን መሪው ልጁን ለልምምድ ይጠራዋል፤ ወላጅ ደግሞ መጽሐፍህን ያዝ ይለዋል። የአሜሪካ ኮሌጆች ከትምህርት ውጪ የተሠራውንም ያያሉ፤ በእኛ አገር ግን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፈተና ውጤት ነው። ወጣቱ ታዲያ የቱን ይተው?

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1865 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር ተወለዱ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ፤ ያኔ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለው የተጠሩትም በእነዚህ ሰዎች ስም ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ በ1882ም ተመረቁ። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው! በሰው እጅ የሚያድግ ልጅ ትምህርቱ ቢበላሽበት የሚመለስበት ቤት የለውም። በኋላም ስኮትላንድ ሄደው ሙያቸውን አጠናከሩ፤ በበርማም በሐኪምነት ሠሩ።

የአድዋ ድል ዜና ልባቸውን ወደ አገራቸው መለሰው። በ1900 ገደማ አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ ጠፍቷቸው በአስተርጓሚ ይናገሩ ነበር። ሆኖም ሹመት አልጠበቁም፤ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። ዝናቸው ሲሰማ አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው።

በ1919 ጠቅልለው ከገቡ በኋላ የሠሩት ብዙ ነው። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ በለንደንም መልእክተኛ ሆኑ። ያ አማርኛ ጠፍቶት የነበረ ሰው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፈ!

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ከሕክምናው በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ስል ወጣቱ እስኪመረቅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ልምምዱን በሳምንት አንድ ቀን ብናደርግለት ዝማሬው አይጎድልም። እኛ መሪዎች ግን በዚህ ላይ ልጆቹን አንዳንዴ እናስጨንቃለን። የቀረ ልጅ ሁሉ ቀዘቀዘ ይባላል።

የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ነበር። ሁለቱንም በ1937 ጣሊያኖች ገደሏቸው። አባትየው ከስደት ተመልሰው በ1952 በአዲስ አበባ አረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በተወለዱባት ጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው።