ኢማም አቡ ሐኒፋ፡ ነጋዴውን ማን ያስታውሰዋል?

ባለፈው ረመዷን ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት ሻይ እየጠጣን ሳለ ጨዋታው ወደ ገንዘብ ዞረ። ከመካከላችን ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሕንፃ የሚያሠሩ፣ የባንክ አክሲዮን የገዙም ነበሩ። ስለ አንድ አክሲዮን ሲነሳ ጥያቄው ሁለት ብቻ ሆነ። ወለድ አለበት ወይስ የለበትም? ትርፉስ በመቶ ስንት ነው? ወለድ እንደሌለበት ከተነገረ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ትርፉ ሆነ። እኔ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስና ምን እንደሚሠራበት ብጠይቅ አንደኛው ወንድሜ ፈገግ ብሎ ይህ የዳዒዎች ጥያቄ እንጂ የነጋዴ ጥያቄ አይደለም አለኝ።

ያን ምሽት መልስ አልሰጠሁትም። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መላ ሕይወታቸውን ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ የኖሩ አንድ ነጋዴ ትዝ አሉኝ። ሰውየው በመስጊዶቻችን በየዕለቱ ስማቸው ይነሳል። ሆኖም የሚነሳው ፈቂሁ እንጂ ነጋዴው አይደለም። እኒህ ሰው ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ኑዕማን ኢብን ሣቢት በ80 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ699) በኢራቅ ኩፋ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ የሚነግደውም ከሐርና ከሱፍ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ኸዝ የተባለ ውድ ጨርቅ ነበር። ወጣቱ ኑዕማንም ያደጉት በገበያ ውስጥ ነው። ታላቁ ዓሊም ሻዕቢ ወደ ገበያ ሲመላለሱ አይተው፣ አእምሯቸው የሰላ መሆኑን በመገንዘብ ወደ ዒልም እንዲያዘነብሉ መከሯቸው። እሳቸውም ምክሩን ተቀብለው በሸይኽ ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን እግር ሥር 18 ዓመት ተቀመጡ። ሸይኹ በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱም በአርባ ዓመታቸው የደርሱን ቦታ ወረሱ። ዛሬ በቱርክ፣ በመካከለኛው እስያ፣ በሕንድና በፓኪስታን፣ በአገራችንም በወሎ የሚገኙ ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት መዝሀብ የተነሳው ከዚያ ደርስ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ግን ሱቃቸውን አለመዝጋታቸው ነው። ሸሪኮችን ይዘው፣ ዕቃ እየላኩና እያስመጡ እስከ ዕድሜያቸው ማምሻ ነግደዋል። የገበያው ሕግ ላይ የሰጡት ፍርድ ከሌሎች ይልቅ ለነጋዴ የሚመች የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሽያጭ፣ ስለ ሽርክና፣ ስለ ዱቤ የተናገሩት ክርና ቀለም ለይተው ከሚያውቁ ሰው አፍ የወጣ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ከሱቃቸው ያስተላለፉልን ወሬ ብዙ ነው። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው አምጥታ 100 ጠየቀች። እሳቸው ከዚያ ይበልጣል አሏት። ሴትዮዋ መቶ ጨመረች፣ አሁንም ይበልጣል አሉ። እንዲህ እየጨመረች 400 ስትደርስ የሚያሾፉባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድትጠራ አደረጉና በመጨረሻ በ500 ገዟት። ገዢ ሆኖ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ ማን አይቶ ያውቃል? ሌላይቱ ደግሞ ችግረኛ መሆኗን ነግራ በተገዛበት ዋጋ እንዲሸጡላት ለመነቻቸው። በአራት ድርሃም ውሰጂ አሏት። ባልቴት ነኝና አታላግጡብኝ ብላ ተቆጣች። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሁለት ልብስ ገዝተው አንዱን ሲሸጡ ከአራት ድርሃም በስተቀር የሁለቱንም መግዣ መልሶላቸዋል። ስለዚህ የቀረው ልብስ የቆመባቸው በአራት ድርሃም ብቻ ነበር። ይህን ዓይነት ሒሳብ ዛሬ የትኛው የሒሳብ ሠራተኛ ይሠራልናል!

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሸሪካቸው የሐፍስ ኢብን ዐብዱረሕማን ነገር ነው። ኢማሙ ዕቃ ላኩለትና ከመካከሉ አንዱ ልብስ እንከን እንዳለበት፣ ሲሸጥም ለገዢው እንዲያሳይ አሳወቁት። ሐፍስ ሸጠ፤ እንከኑን መናገር ግን ረሳ። ገዢው ማን እንደሆነም አላወቀም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ዋጋ በሙሉ፣ የአንዱን ልብስ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም፣ ሶደቃ አድርገው አወጡት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እኔው ራሴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጨርቅ ነው። ከላይ ያለው እጥፋት ደህና ነበር፤ ቤት ወስጄ ስዘረጋው መሐሉ በፀሐይ ነጥቷል። ይዤ ስመለስ ባለ ሱቁ ሲገዙ ነበር ማየት አለኝ። ከዚያም የዙህር አዛን ተሰማና ሁለታችንም ወደ አንድ መስጊድ ሄድን፤ በአንድ ሶፍም ቆምን።

ወደ ትርፉ እንምጣ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኢማሙ ገንዘብ ወደ ባግዳድ እየላኩ ዕቃ ያስገዙና ወደ ኩፋ ያስመጡ ነበር። የዓመቱን ትርፍ ሰብስበው ለሸይኾችና ለሐዲስ ሰዎች የሚያስፈልገውን ቀለብና ልብስ ይገዙበታል፤ የተረፈውን ዲናርም ያከፋፍሏቸዋል። እንዳያመሰግኗቸውም ይነግሯቸዋል፤ ገንዘቡ የአላህ ችሮታ ሆኖ በእጃቸው ያለፈ እንጂ የራሳቸው እንዳልሆነ ያምኑ ነበርና። ለራሳቸውስ? ከአርባ ዓመት በላይ ከ4,000 ድርሃም የበለጠ ይዘው እንዳላቆዩ ተዘግቧል። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ይወጣል። አንድ 10,000 ድርሃም ያለበት ባለዕዳ መንገድ ላይ አይቷቸው በሐፍረት መንገድ ሲቀይር ጠርተው ዕዳውን እንደማሩትም ይነገራል።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ኢማሙ ያገኙትን የሚበትኑ የዋህ ሰው አልነበሩም፤ የት እንደሚያስቀምጡት ያውቁ ነበር። ያዕቁብ የሚባል አንድ ድሃ ተማሪ ከደርሱ ቀረ። ቤተሰቡ የዕለት ጉርስ እንዲያገኝ ወደ ሥራ መልሶት ኖሯል። ኢማሙ ምክንያቱን ጠይቀው፣ ሌላው ሰው ከሄደ በኋላ 100 ድርሃም ያለበት ከረጢት ሰጡት። ሲያልቅም እንዲነግራቸው አዘዙት። እሱ ግን አንድም ቀን ሳይነግራቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ ሌላ መቶ ይሰጡት ነበር። ይህ ልጅ ኋላ አቡ ዩሱፍ የተባሉት፣ በኸሊፋ ሃሩን አር ረሺድ ዘመን የመጀመሪያው የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ የሆኑት ናቸው። ለኸሊፋው ኪታቡል ኸራጅ የተባለውን ስለ መሬት ግብር የሚናገር መጽሐፍ ጻፉ። ገበሬው በመሬቱ ስፋት ልክ ቁርጥ ግብር ከሚጫንበት ይልቅ ካመረተው ላይ ድርሻ ቢሰጥ እንደሚሻል፣ ሰብል በጠፋ ዓመት ገበሬው እንዳይጠፋ፣ የትላልቆቹ ቦዮች ማስጠረጊያ ወጪም ከበይተል ማል እንዲወጣ የተከራከሩት በዚያ መጽሐፍ ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ በከረጢት የሰጠው ገንዘብ ሲዞር ሲዞር የኢራቅ ገበሬ ማሳ ድረስ ደረሰ ማለት ነው። ትርፉ በመቶ ስንት ነው ላለኝ ወንድሜ ይህንን እንዴት አድርጌ ላስላለት?

እውነቱን ለመናገር ኢማሙን ብቻ እያሞገስኩ ማለፍ አልፈልግም። በወቅፍ ጉዳይ አቋማቸው ጠባብ ነበር፤ ቃዲ ካልፈረደበት በቀር ወቅፍ ባለቤቱን የማያስር፣ ሊመልሰው የሚችል ነገር እንደሆነ ያምኑ ነበር። አቡ ዩሱፍም መጀመሪያ ይህንኑ ይዘው ነበር። ከሃሩን ጋር ሐጅ ሲሄዱ ግን በመዲና የሶሓቦች ወቅፍ ከስንት ዘመን በኋላ ሳይሸጥ፣ ሳይወረስ፣ ፍሬው ለድሆች ሲደርስ አዩና ሐሳባቸውን ቀየሩ። በኢማሙ ገንዘብ የተማሩት ሰው የኢማሙን ቃል ባደባባይ ተዉት። ከሌላው ተማሪያቸው ከዙፈር ተከታዮች አንዱ የሆኑት ሙሐመድ ኢብን ዐብዱላህ አል አንሷሪ ደግሞ አንድ እርምጃ ገፉበት፤ ገንዘብም ወቅፍ ይሆናል፣ ዋናው በሙዷረባ ለሚሠራ ሰው ይሰጥ፣ ትርፉም ለምጽዋት ይዋል አሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ ትምህርት ቤትና መስጊድ የሚቆምበት የገንዘብ ወቅፍ የተስፋፋው በዚህ ፈትዋ ላይ ተደግፎ ነው። እዚያም ጭቅጭቅ አልጠፋም። ሸይኹል ኢስላም አቡ ሱዑድ ሲፈቅዱት፣ ቢርጊዊ የተባሉት ዓሊም ደግሞ አሠራሩ ወደ ወለድ ያደላል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። የሁለቱም ጭንቀት እውነተኛ ነበር።

እኛም ዛሬ መሣሪያው በእጃችን ገብቷል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። አባቶቻችን ለዚህ ሲመኙ ስንት ዘመን አልፏል፤ አልሐምዱሊላህ። የእኔ ፍራቻ ግን ሌላ ነው። ወለዱ ሲነሳ ጥያቄውም አብሮ የተነሳልን ይመስለናል። ገንዘባችን ዕቃ ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ አስመጪ ጋ ይሁን፣ ወይስ የልብስ ስፌት መኪና መግዣ ያጣች እህት ጋ፣ የምንጠይቅ ስንት ነን? ባለአክሲዮን በጉባኤ ላይ እጁን የሚያወጣው ስለ ትርፍ ድርሻ ሲሆን አይደለምን? አንድ ብልህ ድሃ ተማሪ ከመድረሳው ሲቀር ምክንያቱን የሚጠይቅ ሀብታምስ በየሰፈራችን አለን?

የኢማሙ መጨረሻ ብዙዎች የሚያውቁት ነው። በ130 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ የኢራቁ ገዢ ኢብን ሁበይራ ሹመት እንዲቀበሉ ጠየቃቸው፤ እምቢ በማለታቸው ተገረፉ። ወደ መካ ሄዱና የአባሲዮች ዘመን ሲመጣ ተመለሱ። ኸሊፋው መንሱርም ቃዲነት ሰጣቸው፤ አሁንም እምቢ አሉ። የላከላቸውን ስጦታም አልተቀበሉም። ብዙ ጊዜ ይህን ስንተርክ ስለ ድፍረታቸው ብቻ እናወራለን። ድፍረቱስ መልካም። ነገር ግን የዚያ ሰው ቀለብ ከቤተ መንግሥት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪዎቹም የሚበሉት ከኸሊፋው ማዕድ ቢሆን ኖሮ እምቢታው ምን ያህል ይቆይ ነበር? ኩፋ ውስጥ አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ እንከኑን እየተናገረ የሚሸጥ ሱቅ።

በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ767) ባግዳድ ውስጥ በእሥር ላይ እያሉ አረፉ። ያን ጊዜ ባግዳድ ገና አዲስ ከተማ ነበረች፤ መሬቱም ብዙው በኸሊፋው ሰዎች እጅ ገብቶ ነበር። ኢማሙ ሲናዘዙ አስከሬናቸው በኸይዙራን መቃብር እንዲያርፍ ነገሩ። የዚያ ቦታ አፈር ከማንም ያልተነጠቀ መሆኑን አጣርተው ኖሯል።