ከሰሐጢ እስከ መረብ፦ የራስ አሉላ እንግዳ ሕይወትና ሁለቱ የጦር መመለሶች

ጦር የሚዘምትበት ምክንያት በአዋጅ ይነገራል። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ክተት ይታወጃል፤ ሕዝቡም ማንን ሊወጋ፣ ስለምን ሊሞት እንደሚሄድ ዐውቆ ስንቁን ይቋጥራል። ጦር የሚመለስበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአዋጅ አይነገርም። ወታደሩ ድንኳን ሲነቀል ያያል፤ ባላገሩ ትናንት ወደ ፊት ያለፈው ሠራዊት ዛሬ ወደ ኋላ ሲያልፍ ያያል፤ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ከኢጣልያ ጋር በተፋጠጠችባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ግራ መጋባት ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ በ1880 ዓ.ም. በሰሐጢ፣ በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ። በሁለቱም ቦታ ተገኝተው የሁለቱንም መመለስ ዕዳ በራሳቸው ሕይወት የከፈሉት ራስ አሉላ እንግዳ ናቸው።

አሉላ የተወለዱት በተምቤን፣ መነወ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በዘመኑ ሹመት በአመዛኙ ከመሳፍንት ዘር ለተወለደ ይሰጥ ስለ ነበር የገበሬ ልጅ ከፍ ሊል የሚችለው በአገልግሎትና በጦር ሜዳ ብቻ ነበር። አሉላም በመጀመሪያ ለራስ አርአያ ድምፁ፣ ቀጥሎም ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ አገለገሉ። ካሣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ሲነግሡ የአሉላም ዕድል አብሮ ተነሣ። ሰዎችም በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ይሏቸው ጀመር።

በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ በጉራዕ የግብፅ ጦር ድል በሆነባቸው ጦርነቶች አሉላ ስማቸውን አስጠሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ የራስነት ማዕርግ ሰጥተው የመረብ ምላሽ ገዢ አደረጓቸው። ሹመቱ ብዙ ቅሬታ አስከትሏል። የትግራይ መሳፍንት የገበሬ ልጅ ከእነርሱ በላይ መዋሉን አልወደዱትም፤ የሐማሴኑ ባላባት ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞንም በአገራቸው ላይ ሌላ ገዢ መሾሙን አልተቀበሉም። ራስ አሉላ ወልደ ሚካኤልን አስገብረው በ1871 ዓ.ም. አሳሰሯቸው፤ በ1876 ዓ.ም. ገደማም መቀመጫቸውን ከአዲ ተክላይ ወደ አስመራ አዛወሩ። ያን ጊዜ ትንሽ መንደር የነበረችው አስመራ ከምፅዋ ለሚመጣው ንግድ መናኸሪያ ሆነች። ይሁን እንጂ አገዛዛቸው የጠነከረ ነበር። ግብሩ በገበሬው ላይ ከበደ፤ በኩናማና በናራ ሕዝብ ላይ የተደረገው ዘመቻም ጨካኝ ነበር። ስለዚህ ኋላ የኢጣልያ ጦር ወደ ደጋው በወጣ ጊዜ አንዳንድ የአካባቢው ባላባቶች በቂማቸው የተነሣ ተቀበሉት።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ የተፈረመው ውል ኢትዮጵያ በሱዳን ድርቡሾች ተከበው የነበሩትን የግብፅ ወታደሮች በምድሯ በኩል እንድታስወጣ፣ በአንጻሩ የቦጎስ አገር እንዲመለስላትና በምፅዋ በኩል የሚያልፈው ንግድ ነጻ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። ራስ አሉላ በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ግዴታ ፈጸሙ፤ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ በእንግሊዝ መልካም ፈቃድ ምፅዋን ይዛ ነበር። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠብቃ ስትዋጋ በሩ ለሌላ ተሰጠ።

የኢጣልያ ጦር ከምፅዋ ተነሥቶ ሰሐጢን በያዘ ጊዜ ራስ አሉላ እንዲለቅ ጠየቁ፤ እምቢ ሲባሉም በጥር 1879 ዓ.ም. ምሽጉን አጠቁ። ጥቃቱ አልሰመረም፤ ሰዎቻቸውም ወደቁ። በማግሥቱ ግን ለሰሐጢ ርዳታ ይሄድ የነበረውን፣ በሌተናል ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን ወደ 500 የሚጠጋ ጦር በዶጋሊ ከበው ደመሰሱት። ወሬው ሮማን አናወጠ። የኢጣልያ ምክር ቤት ገንዘብ ፈቅዶ በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የሚመራ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር ላከ። ይህ ጦር ሰሐጢን እንደገና ይዞ አጠናከረው፤ ከምፅዋ እስከ ሰሐጢም የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ለማስታረቅ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛም ያለ ውጤት ተመለሰ።

ዐፄ ዮሐንስ ክተት አወጁ። በመጋቢት 1880 ዓ.ም. በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሠራዊት አስከትለው በሰሐጢ ፊት ሰፈሩ። የዶጋሊ ድል ገና ከወታደሩ አእምሮ አልጠፋም፤ ውጊያው ዛሬ ነው ነገ ነው ይባል ነበር። ኢጣልያኖች ግን ከምሽጋቸው አልወጡም። መድፋቸውን ጠምደው፣ በባሉን ወደ ሰማይ እየወጡ የኢትዮጵያን ሰፈር እየተመለከቱ ተቀመጡ። ስንቃቸው በየቀኑ በባቡር ይመጣላቸዋል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ግን በትከሻውና በአህያው ያመጣውን ስንቅ ውሃ በሌለበት ቆላ ይጨርስ ነበር። አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ካለፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ድንኳናቸውን አስነቅለው ተመለሱ።

ምክንያቱ ብዙ ነበር። ድርቡሾች በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሣር ውሃ ድል አድርገው፣ ጎንደርን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለው ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የገለልተኝነት ውል ማድረጋቸው፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጋር መግባባታቸው የንጉሠ ነገሥቱን ልብ አሻክሯል። ከፊት በምሽግ ያለ ጠላት፣ ከኋላ የሚቃጠል አገር፣ ከጎን የሚያጠራጥር ወዳጅ፣ ከውስጥ ደግሞ ረሀብ ነበረ። ምሽግን በጎራዴና በጋሻ መስበር እንደማይቻልም ራስ አሉላ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ስፍራ በሰዎቻቸው ደም ተምረውታል።

ይህ ሁሉ ምክንያት ግን በንጉሠ ነገሥቱና በጥቂት መኳንንት ዘንድ የሚታወቅ ነበር። ተራው ወታደር ያየው ያልተሸነፈ ሠራዊት ሳይዋጋ መመለሱን ነው። የሐማሴን ገበሬ ያየው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ያን ሁሉ ሠራዊት እህሉን አብልቶ ካሳለፈ በኋላ ጠላቱ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ንጉሡ ፈርተዋል ያለ ነበረ፤ ታርቀዋል ያለም ነበረ።  ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት የደረሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ታምነው ከኢጣልያ ጋር ጠብ በገቡት ሰዎች ላይ ነበር። ነገ ማን እንደሚጠብቃቸው የነገራቸው አልነበረምና ብዙዎቹ ለራሳቸው መፍትሔ መፈለግ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ መከራው ተከታተለ። በሰኔ 1880 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ፤ ቀጥሎም ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተዘረፈ፤ የከብት እልቂቱም ተነሥቶ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ገባ። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በድርቡሾች ላይ ሲዘምቱ ራስ አሉላም አብረው ወረዱ፤ አስመራም ያለ ጠባቂዋ ቀረች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቆሰሉ፤ በዚያው ቁስልም ሞቱ። ድል ሊሆን የተቃረበው ውጊያም በንጉሡ መውደቅ ወደ ሽሽት ተለወጠ። ኢጣልያኖች በግንቦት ከረንን፣ በሐምሌ አስመራን ያዙ። በሰሐጢ ያልተፈታው ነገር ጦርነት ሳይደረግበት በአንድ ክረምት ተፈታ።

ራስ አሉላ ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ጋር ሆነው በድህነትና በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ለዐፄ ምኒልክ አደሩ። የቀድሞው ባላንጣ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት በአዲ አቡን በኩል ባለው ከፍታ ተሰልፈው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቁትን ቀን አዩ።

ድሉ በተገኘ ጊዜ የራስ አሉላ ዓይን ከመረብ ማዶ ነበር። የሸሸውን ጠላት በፈረሰኛ ተከታትሎ ለመደምሰስ፣ ሐማሴንንም ለማስመለስ እንደፈለጉ ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ ግን በመጋቢት ፊታቸውን ወደ ደቡብ መለሱ። ሠራዊቱ ወደ 100,000 ይደርስ ነበር፤ ለወራት ተጉዞ በረሀብ የተጎዳውን የትግራይን አገር እህል ጨርሷል፤ ክረምቱም እየቀረበ ነበር። በምፅዋ በኩልም አዲስ የኢጣልያ ጦር እየወረደ ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ነጻነት ታወቀ። የመረብ ማዶ ሕዝብ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረ፤ ያሸነፈው ጦር ስለምን መረብ ላይ እንደቆመ የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ በየትውልዱ ሲነሣ ኖሯል።

ራስ አሉላ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በጥር 1889 ዓ.ም. ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተዋግተው ሐጎስ ሲገደሉ እርሳቸው ቆሰሉ፤ በየካቲት ወር በዚያው ቁስል ሞቱ። የተቀበሩት በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ነው። ግብፅን፣ ድርቡሽንና ኢጣልያን የተቋቋመ ጀግና በገዛ አገሩ ሰው እጅ ወደቀ።

ሁለቱ መመለሶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የሰሐጢው በችግር የተደረገ ነው፤ የዐድዋው በድል ላይ የተደረገ ነው። ሁለቱም በቂ ምክንያት አልታጣላቸውም፤ ኃይሉንና ስንቁን አመዛዝኖ ጦሩን የሚመልስ መሪ ፈሪ ሊባል አይገባውም። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ውሳኔው በድንኳን ውስጥ ቀረ፤ ዕዳው ግን ውጭ ባለው ሕዝብ ላይ ወደቀ። የመረብ ማዶ ገበሬ ስለምን ብቻውን እንደቀረ ሳይነገረው ለሌላ ገዢ ተላለፈ። ራስ አሉላ ያንን ገበሬ በግብር አስመርረውታል፤ እርሱንም ሳይረሱ ሞተዋል። ሁለቱንም ማስታወስ ለታሪክ ታማኝነት ነው።