ሞት ሲጠበቅበት ወደ ባሕር የወጣው ደራሲ

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሲነሣ፣ በሕይወት ይመለሳል ብለው ያሰቡ ጥቂቶች ነበሩ። ካስኮ የተባለችው ባለ ሸራ መርከብ አዛዥ ካፒቴን አልበርት ኦቲስ፣ ይህ ከሲታ ስኮትላንዳዊ በመንገድ ቢሞት በባሕር ለመቅበር የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ እንዳሰናዳ ይነገራል። ጊዜው ጁን 28 ቀን 1888 እ.ኤ.አ ነበር።

ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1850 በኤደንብራ የተወለደው ስቲቨንሰን ልጅነቱን ያሳለፈው በደረት ሕመም፣ ከአልጋ ሳይርቅ ነው። አያቱም አባቱም ለመርከበኞች መንገድ የሚያመለክቱ የባሕር መብራት ማማዎችን የገነቡ ስመ ጥር መሐንዲሶች ነበሩ። እሱ ግን ምሕንድስናውን ትቶ ሕግ ተማረ፤ ጥብቅናውንም ትቶ ብዕር ያዘ። ዓለም ያወቀበትን የባሕር ወንበዴዎችና የተቀበረ ሀብት ልብ ወለድ፣ ትሬዠር አይላንድን፣ የጀመረው በስኮትላንድ ዝናብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንጂ ሞቃት ደሴት አይቶ አልነበረም።

እ.ኤ.አ በ1887 አባቱ ሲሞቱ ጥቂት ውርስ ደረሰው። ቀጣዩን ክረምት በአሜሪካ ሳራናክ ሐይቅ ዳር በበረዶ ተከቦ አሳለፈ። ከዚያም ባለቤቱ ፋኒ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ የምትከራይ መርከብ እንዳገኘች በቴሌግራም ነገረችው። ካስኮ ሁለት ምሰሶ ያላት፣ ርዝመቷ 28 ሜትር ገደማ የሆነ የአንድ ባለጸጋ ሐኪም የመዝናኛ መርከብ ነበረች። ስቲቨንሰን ለጉዞው 2 ሺህ ፓውንድ መደበ። ጤናው ካልተመለሰ ገንዘቡም ተስፋውም አብረው የሚያልቁበት ውርርድ ነበር። ፋኒ፣ የእንጀራ ልጁ ሎይድ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት እናቱ ማርጋሬትና አንዲት የቤት ሠራተኛ አብረውት ተሳፈሩ።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መርከቧ በማርኬሳስ ደሴቶች በኑኩ ሂቫ መልሕቋን ጣለች። ደራሲው ለዓመታት ያላደረገውን አደረገ፦ በባዶ እግሩ በአሸዋ ላይ ተራመደ፣ በባሕር ታጠበ፣ ዛጎል ለቀመ። ከዚያ በዛጎል ድንጋይ በተከበቡት ዝቅተኛ የቱአሞቱ ደሴቶች መካከል፣ ብዙ መርከብ በሰበረው አደገኛ ውኃ፣ ወደ ፋካራቫ አለፉ። ታሂቲ ሲደርሱ ግን ሕመሙ ተመለሰ፤ እንደገና ደም ተፋ።

ታውቲራ ወደተባለች ገለልተኛ መንደር ያመጡት በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ነው። ልዕልት ሞኤ የተባለች የአገሩ ተወላጅ ጥሬ ዓሣ በኮኮናት ወተት እያሰናዳች አበላችው፤ የመንደሩ ሹም ኦሪ ደግሞ ቤቱን ለቀቀለት። ቆይቶም ሁለቱ እንደ አገሩ ልማድ ስም ተለዋወጡ። ስም መለዋወጥ በዚያ ባሕል ወንድማማችነት ነው።

ስቲቨንሰን ሲያገግም እናቱ የመንደሩን ሴቶች መርከብ ላይ ጋበዙ። ከእንግዶቹ አንዷ ቆማ ጸለየች፤ በመርከቧ ላይ የተሰወረ ጉድለት ካለ አደጋ ሳያደርስ እንዲገለጥ ለመነች። ካፒቴኑ እንዲህ ላለው ነገር ጆሮ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ዳሩ ግን ምሰሶዎቹ ሲፈተሹ ዋናው ምሰሶ ውስጡ በስብሶ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ በፋካራቫ ዙሪያ ባለው ነፋስ አለመሰበሩ ይገርማል፤ ምሰሶው በዚያ ቢወድቅ ኖሮ የሁሉም ታሪክ እዚያው ባበቃ ነበር።

ካስኮ ለጥገና ወደ ፓፔቴ ተመለሰች። ሳምንታት አለፉ፣ መርከቧ አልመጣችም፤ ስንቅ አለቀ። ፋኒ አለቀሰች። ኦሪ ግን እንግዶቹን በራሱ ማዕድ ካኖረ በኋላ፣ ጎረምሶችን ይዞ በጀልባ ወደ ፓፔቴ ቀዘፈ፤ ምግብና ወሬ ይዞም ተመለሰ። ለመታከም የመጣው ባለገንዘብ ቱሪስት፣ ሀብት በሌላቸው ሰዎች ቸርነት የሚኖር ተመጽዋች ሆኖ ነበር። ጉዞውን ሲጀምር ያልነበረው፣ በኋላ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተለየው የባለዕዳነት ስሜት የተጸነሰው እዚህ ይመስላል።

በገና ዕለት ከታውቲራ ተነሥተው ጃንዋሪ 1889 ሆኖሉሉ ገቡ። ካስኮም ተሰናበተች። ስቲቨንሰን ግን ባሕሩን አልጠገበም፤ ኢኳቶር በተባለች የንግድ መርከብ ወደ ጊልበርት ደሴቶች ሄደ፣ በዓመቱ መጨረሻም ሳሞአ ደረሰ። ከአፒያ ከተማ በላይ፣ ቫይሊማ በተባለ ስፍራ መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ። የአገሩ ሰዎች ቱሲታላ፣ ማለትም ጸሐፌ ተረት፣ ብለው ሰየሙት።

በዚያ ዘመን ጀርመን፣ እንግሊዝና አሜሪካ ሳሞአን በየፊናቸው ይጎትቱ ነበር። ስቲቨንሰን ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚዘረዝር መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1892 አሳተመ። ከጦርነቱ በኋላ የተሸነፈው ወገን ሹማምንት ሲታሰሩም ወህኒ ቤት ድረስ እየሄደ ጎበኛቸው፣ ስንቅም ላከላቸው። እ.ኤ.አ በ1894 ሲፈቱ እነዚህ ሹማምንት ውለታውን በእጃቸው መለሱ፦ ያለ ምንም ደመወዝ ወደ ቤቱ የሚያስገባ መንገድ ሠሩለት። በሳሞአ ሹም ለባዕድ መንገድ መቆፈሩ እንግዳ ነገር ነበር።

መንገዱ ካለቀ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ዲሴምበር 3 ቀን 1894 አመሻሹ ላይ ስቲቨንሰን ከፋኒ ጋር እራት ሲያሰናዳ በድንገት ወደቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ የተፈራው ሳንባው ሳይሆን አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰው ደም ገደለው። 44 ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ሳሞአውያን በቫኤአ ተራራ ገደላማ ደን ውስጥ እስከ ጫፉ መንገድ መንጥረው፣ ሬሳውን በትከሻቸው እየተቀባበሉ አወጡት። ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ በመቃብሩ ዙሪያ ወፎች ሳይረበሹ እንዲዘምሩ በተራራው ላይ ጠመንጃ መተኮስን ከለከሉ።