ለጀርመኑ ሊቅ አማርኛን ያስተማሩት የወሎ ሰው፦ አባ ጎርጎርዮስ

ወሎ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ይታወቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱም ቅኝቶች የኛው ናቸው። ቀጥሎ የሰዉ መልክና ፍቅር ይነሳል። ከዚያ ደግሞ ወሬው ወደ 66ቱና ወደ 77ቱ ረሃብ ይሄዳል። በውጭው ዓለም የወሎ ስም በብዛት የተሰማው በዚያ በረሃቡ ፎቶ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ታሪክ ይዘን መጥተናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት መነሻው የአንድ ወሎዬ አንደበት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። አውሮፓ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠኑ ምሁራን ስማቸውን ከ300 ዓመት በላይ ሲያነሱት ኖረዋል። እኛ ግን እዚሁ ተወልደን አድገን፣ ትምህርት ቤት ሳለን አንድም ቀን ሲነሱ አልሰማንም። እስኪ ከመጀመሪያው እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 አካባቢ መካነ ሥላሴ በተባለ ቦታ ነው። ቦታው በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ ይገኛል። ያኔ አገሩ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ወሎ የሚለው ስም የመጣው ኋላ ላይ ነው፤ እዚያ ከሰፈሩት የኦሮሞ ጎሳዎች ከአንዱ የተወሰደ ስም ነው። ወሎ ከስሙ ጀምሮ የብዙ ሕዝብ ቤት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መካነ ሥላሴ ዝም ብሎ መንደር አልነበረም። አፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት፣ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው። በ1531 የኢማም አህመድ ጦር ደርሶ አቃጠለው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚያ 60 ዓመት ያህል በኋላ፣ ያ ሁሉ ወርቅ ወሬ ብቻ ሆኖ በቀረበት ጊዜ ነው።

ካደጉ በኋላ ደግሞ አገሪቱ ሌላ እሳት ውስጥ ገባች። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው በቃኝ ብለው የተዋሕዶን እምነት መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ሁሉ መሃል የቆሙት ከካቶሊኮቹ ጎን ነበር። ከተሸነፈው ወገን ሆኑ ማለት ነው። እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ፣ በመጨረሻም ሮም ገቡ። ዛሬ ቆመን ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብለን መፍረድ አያቅተንም፤ ግን የሰውየው ታሪክ እዚያ ላይ አያልቅም። እንዲያውም ገና እዚያ ነው የሚጀምረው።

ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳት ሲወጡና ሲገቡበት የኖረ ቤት ነው። በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት ወደዚያ ቤት መጣ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፣ የኤርፉርት ልጅ።

ሉዶልፍ ሮም የመጣው ለስዊድኖች የጠፉ ሰነዶችን ሊፈልግ ነበር። የልቡ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሳያገኝ፣ አገሩ ቁጭ ብሎ፣ ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት ግእዝ ሲያጠና ከርሟል። ያኔ ኢንተርኔት የለ፣ ዩቲዩብ የለ! ፊደሉን ያውቃል፣ ቃላቱንም በመጠኑ ያውቃል። አነባበቡን ግን ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም።

ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው ስደተኛ ካህን፣ እሱ ደግሞ 25 ዓመት የሞላው ተማሪ። ተማሪና መምህር ሆኑ።

አሁን ዋናውን ነገር አስተውሉ። ግእዝ ቢያንስ የታተመ መጽሐፍ አለው፤ የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በ1513 እዚያው ሮም ታትሟል። አማርኛ ግን ያኔ ይነገራል እንጂ እምብዛም አይጻፍም። የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ስለሆነ ልሳነ ንጉሥ ይባል ነበር፣ ግን አንድ አውሮፓዊ ገልጦ የሚማርበት መጽሐፍ አልነበረም። አማርኛ መማር የፈለገ ሰው የግድ የሚናገረውን ሰው ማግኘት አለበት። ሉዶልፍ ያገኘው የመካነ ሥላሴውን ሰው ነው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። ጀርመንን ያወደመው የ30 ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና 4 ዓመቱ ነበር። የእኛ ሰው ከሮም ተነስተው፣ 57 ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጎታ ገቡ። ግንባታው ባላለቀው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗር ተጠየቁ፤ መልሳቸውም ተጻፈ። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሚወራው ብዙው ነገር የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ተረት ነበር። ለአንድ ጊዜ እንኳን አገሩን የሚያውቅ ሰው ራሱ ተጠየቀ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ዓመት ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ግንኙነታቸው ግን አልተቋረጠም፣ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በምን ቋንቋ? በግእዝ! ልብ በሉ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጀርመናዊና አንድ ወሎዬ አውሮፓ ውስጥ በግእዝ ይጻጻፋሉ።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ተነሱ። መርከቧ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ከምትገኘው ከእስክንድሩን ወደብ አካባቢ ተሰበረች። ባህር በላቸው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። መካነ ሥላሴን ሳያዩ ቀሩ።

ካስተማሩት ነገር አንዱንም ታትሞ አላዩም። ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው በ1661 ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ትልቁ መጽሐፉ በ1681 ወጣ። የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ በ1698 ታተሙ። መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል።

ሉዶልፍን የምናመሰግነው ነገር አለ። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም። በመጽሐፎቹ ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን በስማቸው ጠቀሳቸው። በ1691 ባወጣው መጽሐፍም ምስላቸው ታትሟል። ስንት አገሬው ያወራውን የውጭ ሰው ጽፎ፣ የነጋሪው ስም በጠፋበት ዓለም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይባላል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የጥናት ማዕከል አለ። ይገባዋል። ታዲያ ተማሪው አባት ከተባለ መምህሩ ምን ሊባሉ ነው?

ይህን የምንጽፈው ለጉራ ብቻ አይደለም። ዛሬም ከወሎ ተነስተው ባህር የሚያቋርጡ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። አንዳንዶቹ እንደ አባ ጎርጎርዮስ ባህር ላይ ቀርተዋል። የሄዱበት አገር ሰው ሲያያቸው ሠራተኛ ወይም ስደተኛ ብቻ ሊመስሉት ይችላሉ። ግን ይዘውት የሄዱት ቋንቋና ዕውቀት አለ። ሮም ውስጥ አንድ ወጣት ቁጭ ብሎ አንድን ስደተኛ ስለጠየቀ፣ አማርኛ መዝገበ ቃላት አገኘ።

እኛም ባህር መሻገር ሳያስፈልገን መጠየቅ እንችላለን። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወረኢሉ፣ ቦረና፣ ከላላ፣ የትም ብትሆኑ፣ እናት አባቶቻችን፣ አያቶቻችን አሉ። የሚያውቁትን ጠይቋቸው፣ በስልካችሁ ቅዱት፣ ስማቸውንም አብራችሁ ጻፉ።

ወሎ ሲባል ከቅኝቱ ቀጥሎ አባ ጎርጎርዮስም ይነሱ። ታሪካቸውን ላልሰማ የአገራችሁ ልጅ አካፍሉት።