ማኅተመ ጋንዲ በተማሪነቱ ዘመን

ለትምህርት የሚተጋ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ተራራ አያጣም። ለብዙዎቻችን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህ ተራራ እንግሊዝኛ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በሚሰጠው ፈተና እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ከመሆኑም በላይ፥ የሒሳቡም የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ያልገባው ተማሪ የሚያውቀውን ነገር እንኳ እንዳላወቀ ሆኖ ይቀራል።

የታላላቅ ሰዎች ስም በተነሣ ቁጥር ከእናታቸው ማሕፀን ዐዋቂ ሆነው የወጡ ይመስለናል። የማኅተመ ጋንዲ ታሪክ ግን እንደዚህ አይደለም። ጋንዲ ያለ ጦር መሣሪያ ሕዝቡን መርቶ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ጋር የታገለ ሰው መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ስሙን ያስጠራል። በተማሪነቱ ዘመን በእንግሊዝኛ ምክንያት ያየውን መከራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከሕይወቱ ይህን ክፍል መርጬ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ በምዕራብ ሕንድ በባሕር ጠረፍ ባለችው በፖርባንዳር ከተማ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 ዓ.ም. ተወለደ። ማኅተመ የሚለው በኋላ የወጣለት የክብር ስም ሲሆን፥ ትርጓሜው ታላቅ ነፍስ ማለት ነው። አባቱ የአገሩ ገዥ ዋና ሹም ነበር። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ጉጃራቲ ነው። ሕፃኑ ሞሐንዳስ እጅግ ዐይነ አፋር ስለ ነበረ፥ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ይደርሳል፤ ትምህርቱ ሲያልቅም ሰው እንዳያነጋግረው እየሮጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በራጅኮት ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጀመረበት ዓመት አንድ እንግሊዛዊ የትምህርት ተቆጣጣሪ ክፍሉን ሊጐበኝ መጣና አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲጽፉ ተማሪዎቹን አዘዘ። ከቃላቱ አንዱ ኬትል፥ ማለት ማንቆርቆሪያ፥ የሚለው ነበር። ጋንዲ ይህን ቃል አሳስቶ ጻፈ። መምህሩም ይህን አይቶ በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ ከጐረቤቱ ሰሌዳ እንዲገለብጥ ምልክት ሰጠው። ልጁ ግን መምህር የሚቆመው መገልበጥን ለመከልከል እንጂ ለማዘዝ ነው ብሎ ስለማያስብ፥ ነገሩ ጨርሶ አልገባውም። በመጨረሻ ከክፍሉ ሁሉ የተሳሳተው እርሱ ብቻ ሆነ። መምህሩ በኋላ ሞኝነቱን ሊያስረዳው ቢሞክርም፥ ጋንዲ የመገልበጥን ጥበብ ዕድሜውን ሁሉ ሳይማር ቀረ።

በ13 ዓመቱ ወላጆቹ እንደ አገሩ ልማድ ስለ ዳሩት አንድ ዓመት ከትምህርቱ ተጓደለ። ያንን ለማካካስ በመምህሩ ፈቃድ 3ኛውን ክፍል በስድስት ወር ጨርሶ ወደ 4ኛው ተዛወረ። ከ4ኛው ክፍል ጀምሮ ግን አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በተለይ ጂኦሜትሪ አስጨነቀው። ትምህርቱ አዲስ ነው፤ ቋንቋውም ባዕድ ነው። መምህሩ በደንብ ቢያስተምርም ጋንዲ ሊከተለው አልቻለም። ተስፋ ቈርጦ ወደ 3ኛ ክፍል ለመመለስ ያሰበበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ቢያደርግ እርሱ ብቻ ሳይሆን አምኖ ያሳለፈው መምህርም እንደሚያፍር ስላወቀ ባለበት ጸና። ከኤውክሊድ መጽሐፍ 13ኛው ክፍል ላይ ሲደርስ በድንገት የትምህርቱ መንገድ ተገለጠለት፤ ከዚያ ወዲያ ጂኦሜትሪ ቀላልና አስደሳች ሆነለት።

በ1887 ዓ.ም. የማትሪክ ፈተና ተቀመጠ። አለፈ፤ ነገር ግን ውጤቱ የሚያስመካ አልነበረም። በጠቅላላው ከ625 ነጥብ ያገኘው 247 ተኩል ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ ከ200 ያገኘው 89 ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት በብሐቭናጋር ከተማ ወደሚገኘው ሳማልዳስ ኮሌጅ ገባ። በዚያም ሁሉ ነገር ከበደው። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ጆሮው ቃሉን ይሰማል እንጂ ልቡናው አይከተልም። ጋንዲ ራሱ በኋላ እንደ ገለጸው ጥፋቱ የመምህራኑ አልነበረም፤ የእርሱ ዝግጅት ነው ያነሰው። የመጀመሪያው የትምህርት ወቅት እንዳለቀም ኮሌጁን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ሕግ እንዲማር መከረ። እናቱ ፈራች፤ ሥጋ እንዳይበላ፥ መጠጥ እንዳይጠጣና ከሴት እንዲርቅ ካስማለችው በኋላ ግን ፈቀደች። የወገኖቹ ሽማግሌዎች ባሕር መሻገር ነውር ነው ብለው ከማኅበራቸው ቢያስወጡትም ሐሳቡን አልለወጠም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 ዓ.ም. ዛሬ ሙምባይ ከምትባለው ከቦምቤይ በመርከብ ተነሣ። ዕድሜው ገና 19 ዓመት አልሞላም ነበር።

በመርከቡ ላይ የነበሩት መንገደኞች ከጥቂቶች በቀር እንግሊዞች ነበሩ። ሲያነጋግሩት አይገባውም፤ ቢገባውም መልስ መስጠት አይሆንለትም። አንዱን ዐረፍተ ነገር ከአፉ ከማውጣቱ በፊት በልቡ ማሰናዳት ነበረበት። ምግቡ ውስጥ ሥጋ መኖር አለመኖሩን ለመጠየቅ ስላፈረ፥ ገበታ መቅረቡን ትቶ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጣፋጭና ፍራፍሬ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ይበላ ነበር። አብሮት የነበረው ሕንዳዊ ጠበቃ ባዕድ ቋንቋ ሳይሳሳቱ የሚለመድ አለመሆኑን እየነገረ፥ ደፍሮ ከሰው ጋር እንዲነጋገር ቢመክረውም ዐይነ አፋርነቱን ሊያሸንፍ አልቻለም።

ሎንዶን እንደ ደረሰ ከሁሉ የጠቀመው ነገር ጋዜጣ ማንበብ ነው። በአገሩ ሳለ ጋዜጣ አንብቦ አያውቅም ነበር። በሎንዶን ግን አንድ ወዳጁ ስለ መከረው፥ ዴይሊ ኒውስን፥ ዴይሊ ቴሌግራፍንና ፖል ሞል ጋዜትን በየቀኑ መመልከት ጀመረ። ይህ ሥራ የሚወስድበት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ዳሩ ግን ዕለት ዕለት ስለማይቋረጥ፥ ቋንቋው ሳይታወቀው እየተዋሐደው ሄደ።

ከዚህ ቀጥሎ ጋንዲ የተሳሳተ መንገድ ያዘ። እንግሊዝኛን ማወቅና እንግሊዝን መምሰል አንድ ነገር መሰለው። ውድ ባርኔጣ ገዛ፤ ለማታ ልብስ 10 ፓውንድ ከፈለ። ለዳንስ ትምህርት 3 ፓውንድ ሰጠ፤ በሌላ 3 ፓውንድ ቫዮሊን ገዛ። የንግግር አወጣጥ የሚያስተምር መምህርም ቀጥሮ የአንድ ዝነኛ እንግሊዛዊን ንግግር ማጥናት ጀመረ። ወደ ሦስት ወር ያህል እንዲህ ከቈየ በኋላ ግን ወደ ልቡናው ተመለሰ። የመጣው ለመማር ነው፤ ገንዘቡም የወንድሙ ድካም ነው። ስለዚህ ለመምህሮቹ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ ትምህርቱን ተወ፤ ወጪውንም ሳንቲም ሳይቀር በደብተር መመዝገብ ጀመረ።

የሕጉ ትምህርት ሰፊ ጊዜ ስለሚተርፈው፥ የሎንዶን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ለመፈተን ወሰነ። የፈተናው ዝርዝር ሲታይ ግን ያስደነግጣል። ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ላቲንና አንድ ሌላ የአውሮፓ ቋንቋ ግዴታ ነበሩ። ለፈተናው የቀረው አምስት ወር ያህል ብቻ ነው። ጋንዲ ለፈተና ከሚያዘጋጅ ክፍል ገባ፤ ጊዜውንም በደቂቃ ከፋፍሎ አጠና። ጃንዋሪ 1890 ዓ.ም. ሲፈተን በላቲን ወደቀ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ጋንዲም አዘነ፤ ነገር ግን ላቲኑን ወድዶት ስለ ነበረ እንደ ገና ጀመረ። ወጪ ለመቀነስና ጊዜ ለማትረፍ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የአጃ ገንፎውንና ካካዎውን በራሱ ምድጃ እያበሰለ፥ መንገዱንም በእግሩ እየሄደ አጠና። በዚያው ዓመት ጁን ወር ሁለተኛ ተፈትኖ አለፈ።

በሕጉም ፈተና እንደዚሁ አደረገ። በዚያን ጊዜ የጥብቅናው ፈተና ቀላል ስለ ነበረ፥ ብዙዎቹ ተማሪዎች አጫጭር ማስታወሻዎችን በጥቂት ሳምንት ሸምድደው ያልፉ ነበር። ጋንዲ ግን መጽሐፍ ገዝቶ አለማንበብ ማታለል መሰለው። የእንግሊዝን የጋራ ሕግ ለማንበብ ብቻ ዘጠኝ ወር ከባድ ድካም ፈጀበት። የሮማን ሕግም በላቲኑ አነበበ። ይህም ድካም ከንቱ አልሆነም፤ በኋላ በሠራበት በደቡብ አፍሪካ ሕጉ ከሮማ ሕግ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፥ ያነበበው ሁሉ መሣሪያ ሆነው። ጁን 10 ቀን 1891 ዓ.ም. ጠበቃ ለመሆን ተፈቀደለት፤ ሁለት ቀን ቈይቶም ወደ አገሩ ተሳፈረ።

ዓይንና ጆሮ ቢሠለጥኑም አንደበቱ ገና ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በሎንዶን አባል በሆነበት የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሳለ ቆሞ ማንበብ ስላቃተው ሌላ ሰው አነበበለት። በቦምቤይም ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ሲቆም ራሱ ዞረበት፤ ምስክሩን የሚጠይቀው ነገር ጠፍቶት ተቀመጠ። ሥራ ባጣ ጊዜ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀን አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር በወር 75 ሩፒ እንደሚፈልግ በጋዜጣ አይቶ አመለከተ። የሎንዶንን ፈተና በላቲን ያለፈ ቢሆንም፥ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለህም ተብሎ ተመለሰ።

በ1893 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በዚያ ቆዳው ጥቁር ነው ተብሎ፥ የአንደኛ ማዕርግ ቲኬት ይዞ ሳለ፥ ፒተርማሪትስበርግ ጣቢያ ላይ ከባቡር ተወርውሮ ወረደ። ወደ ፕሪቶሪያ ከደረሰ በኋላ የአገሩን ሰዎች ሰብስቦ ስለሚደርስባቸው በደል ተናገረ፤ ባሕር ላይ ዝም ብሎ የተጓዘው ልጅ አሁን አንደበቱ ተፈታ። እንግሊዝኛ መማር ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ለማስተማርም ቃል ገባ። አንድ ፀጉር አስተካካይ፥ አንድ ጸሐፊና አንድ ባለ ሱቅ ተማሪዎቹ ሆኑ። ጋንዲ እንደ እነርሱ ምቾት እስከ ሥራ ቦታቸው ድረስ እየሄደ ያስተምራቸው ነበር፤ ሥራ ከያዛቸውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። በስምንት ወር ገደማ ሁለቱ ሒሳባቸውን ለመያዝና ተራ የንግድ ደብዳቤ ለመጻፍ በቁ፤ ፀጉር አስተካካዩም ከደንበኞቹ ጋር ለመነጋገር የሚበቃውን ያህል አወቀ። መምህር አትሆንም የተባለው ሰው እንዲህ አድርጎ መምህር ሆነ።

በ1894 ዓ.ም. የናታል መንግሥት ሕንዶችን ከምርጫ መብት የሚያግድ ሕግ ሲያወጣ፥ ጋንዲ በእንግሊዝኛ አቤቱታ ጽፎ ወደ 10,000 ሰዎች አስፈርሞ ወደ ሎንዶን ላከ። በ1903 ዓ.ም. የተጀመረው ኢንዲያን ኦፒኒየን የሚባለው ጋዜጣም የወገኖቹን በደል በእንግሊዝኛና በሕንድ ቋንቋዎች ለዓለም አሰማ። ለፈተና ብሎ የለመደው ቋንቋ ለሕዝብ ጥብቅና ዋለ።

ይሁን እንጂ ጋንዲ እንግሊዝኛን ስላወቀ የእናቱን ቋንቋ አልናቀም። በ1909 ዓ.ም. በመርከብ ሲጓዝ ስለ ሕንድ ነፃነት የደረሰውን መጽሐፍ የጻፈው በጉጃራቲ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በኋላ ነው። የሕይወቱንም ታሪክ የጻፈው በጉጃራቲ ነው። በእርጅናው ዘመን የልጅነቱን ትምህርት አስቦ፥ በእንግሊዝኛ አራት ዓመት የፈጀበትን በራሱ ቋንቋ ቢሆን በአንድ ዓመት በቀላሉ ይማረው እንደ ነበረ ገልጿል። ይህ ነገር ለእኛም ለወላጆቻችንም የሚያሳስብ ነው። ልጅ ትምህርት ሲከብደው ሁልጊዜ አእምሮው ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሩ የተዘጋበት በቋንቋው ነው።

ሕንድ ኦገስት 15 ቀን 1947 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ጋንዲም ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ዓ.ም. በዴልሂ ከተማ ወደ ጸሎት ሲሄድ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 78 ዓመት ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከዚህ ታላቅ ሰው ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። በእንግሊዝኛ ከ200 ነጥብ 89 ያገኘ ተማሪ በዚያው ቋንቋ ከአገር ገዥዎች ጋር ለመከራከር በቃ። ያበቃውም በቀን አንድ ሰዓት ያልተቋረጠ ንባብ፥ ከወደቁ በኋላ እንደ ገና መቀመጥ፥ ማስታወሻ ከመሸምደድ መጽሐፉን ማንበብና ያወቁትን ለሌላ ማካፈል ነው። እኛም ጋዜጣውንና መጽሐፉን በየቀኑ እናንብብ፤ በሬዲዮ የሚነገረውን እንግሊዝኛ ባይገባንም ጆሯችን እስኪለምድ እናዳምጥ፤ ሁለትና ሦስት ሆነን ሳንተፋፈር እንነጋገር፤ የጐበዘው ለደከመው ያስረዳ። በፈተናም ቀን ዓይናችን ከጐረቤታችን ወረቀት ላይ አይረፍ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና፥ ዛሬ ተራራ የመሰለን ነገር ነገ ከእግራችን በታች ይሆናል።