ከዋልታ በረዶ እስከ ዋቢ ሸበሌ፦ የአብሩዚው መስፍን ጉዞዎች

ከኬንያዋ ሞያሌ ተነስቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚያቀና መንገደኛ ማርሳቢትን ወደ ግራው ትቶ የቻልቢን በረሃ ማቋረጥ ይኖርበታል። ሐይቁ ቱርካና የሚለውን ስም በይፋ ያገኘው በ1975 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የዓለም ካርታዎች ሩዶልፍ ይሉት ነበር። ስሙን በ1888 የሰጡት ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ የመጡት ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሆህኔል ሲሆኑ፣ ያወጡትም ለአገራቸው አልጋ ወራሽ ክብር ነበር። በዳርቻው የሚኖሩት ቱርካናዎች፣ ዳሰነቾች፣ ሬንዲሌዎችና ኤልሞሎዎች ሐይቁን በየቋንቋቸው ሲጠሩት ኖረዋል። አልጋ ወራሹ ግን ሐይቁን ሳያየው በተከታዩ ዓመት ሞተ።

ይኸው የልዑል ስም ከምድር ወገብ እጅግ በራቀ ሌላ ስፍራም ይገኛል። ከሩሲያ በስተ ሰሜን፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ፣ ከ81 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ሩዶልፍ የምትባል በበረዶ ግግር የተሸፈነች ደሴት አለች። ነዋሪ የላትም። ስያሜዋን ያገኘችው በ1874 ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ከሄዱ አሳሾች ነው። በዛሬው ጊዜ ወደ ሰሜን ዋልታ አገር ጎብኚዎችን የሚያጓጉዙ የሩሲያ በረዶ ሰባሪ መርከቦች ደሴቲቱ በምትገኝበት ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር በተባለው የደሴቶች ስብስብ በኩል ያልፋሉ። ተሳፋሪው ሞቃት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ነጭ ድብ የሚያይበት ባህር ከ120 ዓመታት በፊት የገባበትን መርከብ ጨፍልቆ የሚያስቀር ነበር።

በዚያ ባህር መርከቡ ከተጨፈለቀበት ሰዎች አንዱ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋር የተነጋገረ፣ የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከምንጩ ተከትሎ የወረደና አጽሙ በወንዙ ዳር የቀረ ጣሊያናዊ ልዑል ነው። ስሙ ሉዊጂ አሜዴኦ ይባላል፤ በማዕረጉ የአብሩዚ መስፍን።

ሉዊጂ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1873 ማድሪድ ውስጥ ነው። አባቱ አሜዴኦ የጣሊያኑ ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ልጅ ሲሆን፣ በዚያን ወቅት በስፔን ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነበር። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አባቱ ዘውዱን ለቅቆ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጣሊያን ተመለሰ። እናቱ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሞተች። ገና በሕፃንነቱ ለባህር ኃይል የተሰጠው ልጅ ያደገው ከቤተ መንግሥት ይልቅ በመርከብ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። በ1893 ወጣት መኮንን ሳለ በጦር መርከብ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ተልኮ አፍሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

ዝናውን ያገኘው ግን በተራራ ነው። በ1897 በአላስካና በካናዳ ድንበር ላይ የሚገኘውንና 5,489 ሜትር ከፍታ ያለውን የቅዱስ ኤልያስ ተራራ ጫፍ ከጓደኞቹ ጋር ረገጠ። ከዚያ በፊት ማንም አልወጣውም። ዕድሜው 24 ነበር። ጣሊያን ዐድዋ ላይ ድል ከተነሳች ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ አልፏታል። አገሪቱ የምትኮራበትን ወሬ በተጠማችበት ሰዓት የመጣ ወሬ ነበርና የልዑሉ ስም በአንድ ጊዜ ገነነ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ዓይኑን ወደ ሰሜን ዋልታ አነሳ። ጄሰን የተባለ አሮጌ የኖርዌይ አዳኝ መርከብ ገዛና ስሙን ስቴላ ፖላሬ፣ ማለትም የዋልታ ኮከብ አለው። ይህ መርከብ በ1888 ኖርዌያዊውን ፍሪጅቶፍ ናንሰንን ወደ ግሪንላንድ ያደረሰ ነው። በሰኔ 1899 ጣሊያናውያንና ኖርዌያውያን የሆኑ 20 ሰዎች ይዞ ከዛሬዋ ኦስሎ ተነሳ፤ በሩሲያዋ አርካንግልስክ ደግሞ ከመቶ በላይ ተንሸራታች ጎታች ውሾች ጫነ። ዕቅዱ መርከቡ እስከቻለው ድረስ ወደ ሰሜን ሄዶ ክረምቱን በአንድ ደሴት ማሳለፍ፣ ብርሃን ሲመለስ ደግሞ በውሾች እየተጎተቱ በረዶ በሆነው ባህር ላይ ወደ ዋልታው መገስገስ ነበር።

መርከቡ ሩዶልፍ ደሴት ደርሶ ቴፕሊትስ በተባለው የባህር ሰርጥ ቆመ። በመስከረም መጀመሪያ ከባህሩ የመጣ የበረዶ ግፊት ጎኑን ሰነጠቀው፤ ውኃም ገባ። ሰዎቹ ምግቡን፣ ከሰሉንና ውሾቹን ወደ ደሴቲቱ አወጡ። ባህር ዳር ድንኳን በድንኳን ላይ ደርበው ተከሉና ፀሐይ ጨርሳ የማትወጣባቸውን ወራት በዚያ አሳለፉ። የሚመለሱበት መርከብ መኖር አለመኖሩን እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም።

በዚያው ጨለማ ለልምምድ በወጡበት ቀን ብርዱ የመስፍኑን ግራ እጅ መታው። የጣቶቹ ጫፎች መቆረጥ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ወደ ዋልታው መሄድ አልቻለም። ለዓመታት ያለመውን ጉዞ ለምክትሉ ለባህር ኃይል መኮንኑ ለኡምቤርቶ ካኚ አስረክቦ እሱ ከድንኳኑ ቀረ። ልዑል ለሆነ፣ የጉዞውን ወጪ ራሱ አሰባስቦ ለመጣ ሰው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ለክብሩ ሲል ጉዞውን በሙሉ ይሰርዘው ነበር።

ካኚ መጋቢት 11 ቀን 1900 ተነሳ። አካሄዱ በቡድን ነበር፤ ስንቅ የሚያግዙት ሰዎች ከመንገድ እየተከፋፈሉ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ጥቂቶች ብቻ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። በሚያዝያ 25 ካኚና ሦስት ጓደኞቹ 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ላይ ደረሱ። ናንሰን በ1895 ከደረሰበት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ አልፈዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ከዚያ በላይ ወደ ሰሜን ሄዶ አያውቅም። ዋልታው ግን ገና ከ380 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይቀረው ነበር፤ ስንቁም አልበቃም።

መመለሱ ከመሄዱ የከፋ ሆነ። የሚራመዱበት በረዶ ራሱ በባህሩ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ምዕራብ ይወስዳቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ማታ ሲለኩ ከመንገዳቸው ርቀው ይገኛሉ። ምግብ ሲያልቅ ውሾቹን አርደው በሉ። ካኚ በብርድ የሞተ ጣቱን በገዛ እጁ ቆረጠ። በ104ኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ደሴቲቱ ደረሱ።

ቀድመው እንዲመለሱ ከተላኩት ግን አንዱ ቡድን አልነበረም። የባህር ኃይል መኮንኑ ፍራንቼስኮ ኩዌሪኒ፣ የተራራ መሪው ፌሊቼ ኦሊየርና ኖርዌያዊው መካኒክ ሄንሪክ ስቶከን በረዶው ላይ እንደወጡ ቀሩ። በበጋው መርከቡን ጠግነውና ከበረዶ አላቅቀው ወደ ኖርዌይ ተመለሱ፤ በተከታዩ ዓመትም የፍለጋ መርከብ ወደ ሰሜን ሄደ። የሦስቱ ሰዎች ፈለግ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጣሊያን ለተመለሱት ያደረገችው አቀባበል ደማቅ ነበር። ክብረ ወሰኑ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በአሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ ተወሰደ፤ የፒሪ የረጅም ዘመን የጉዞ ጓድ ማቲው ሄንሰን ጥቁር አሜሪካዊ እንደነበርና ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ዝና ሳያገኝ እንደቀረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መስፍኑ ወደ ዋልታ ዳግም አልሄደም። በ1906 ከሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያም የቪክቶሪያን ሐይቅ አቋርጦ ኡጋንዳ ገባና የሩዌንዞሪን ተራሮች ወጣ። ከፍተኛውን፣ 5,109 ሜትሩን ጫፍ በጣሊያን ንግሥት ስም ማርጌሪታ፣ ጎረቤቱን በእንግሊዝ ንግሥት ስም አሌክሳንድራ አለው። ዕቃውን ተሸክመው ያወጡት የተራራው ተወላጆች ባኮንጆዎች ናቸው። በአንዱም ጫፍ ላይ ስማቸው የለም። በ1909 ደግሞ በካራኮሩም ተራሮች ኬ-ቱን ሞከረ፤ አልቻለውም፤ በሌላ ተራራ ግን 7,500 ሜትር ገደማ ደርሶ የከፍታ ክብረ ወሰን ያዘ። ዛሬ ኬ-ቱን የሚወጡ ሰዎች በብዛት የሚከተሉት መንገድ በስሙ ይጠራል።

በእነዚያው ዓመታት ካትሪን ኤልኪንስ የተባለችን የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ልጅ ወደደ። የሁለቱ ነገር የአሜሪካና የአውሮፓ ጋዜጦች ዋና ወሬ ሆኖ ከረመ። የሳቮይ ቤተ መንግሥት ከንጉሣዊ ዘር ያልሆነች ሴት እንዲያገባ አልፈቀደምና ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ። መስፍኑ ዕድሜውን ሙሉ አላገባም።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጣሊያን ባህር ኃይል ዋና አዛዥ ነበር። የተሸነፈው የሰርቢያ ጦር በአልባኒያ ወደቦች ተከማችቶ በረሃብ ሲያልቅ በመርከብ ወደ ሌላ ምድር የተሻገረው በእሱ የአዛዥነት ዘመን ነው። በ1917 ከሥልጣኑ ሲነሳ ከጣሊያን ለመራቅ የፈለገ ይመስላል። ፊቱን ወደ ሶማሊያ አዞረ።

በ1920 አንድ የእርሻ ኩባንያ አቋቁሞ ከሞቃዲሾ በስተ ሰሜን በሸበሌ ወንዝ ዳር፣ በሺድሌዎች መሬት ላይ፣ በስሙ የሚጠራ መንደር መሠረተ። ግድብና ቦዮች ተሠሩ፤ ጥጥ፣ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ ተተከለ፤ የስኳር ፋብሪካ ቆመ። ጣሊያናውያን ጸሐፍት ይህን የበረሃ ተአምር አድርገው ሲያወድሱት ኖረዋል። የእርሻው ትልቁ ችግር ግን ሠራተኛ ነበር። የወንዙ ዳር ገበሬ የራሱ ማሳ እያለው ለሌላ ሰው ጥጥ ለመልቀም አልጓጓም። በሸበሌና በጁባ ዳር በተስፋፉት የጣሊያን እርሻዎች የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ሰዎችን በግዳጅ ያሠራ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። የመስፍኑ እርሻ ከሌሎቹ የተሻለ ስም ቢኖረውም ከዚያ ሥርዓት ውጭ አልነበረም። የዋልታው ጉዞ የጎዳው ፈልገውና ፈቅደው የሄዱትን ነው፤ እዚህ ግን የሰው አገር ነበር።

ወንዙ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። የዓመቱን ውኃ መጠን ማወቅ ለሚፈልግ እርሻ ደግሞ ምንጩን አለማወቅ ዕዳ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ጣሊያንን ጎብኝተው ስለነበር በ1927 መስፍኑ የአጸፋ ጉብኝት መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና በራስ ተፈሪም ፊት ቀረበ። በነሐሴ 2 ቀን 1928 ሁለቱ አገሮች ለ20 ዓመት የሚቆይ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ባህር በር ለሌላት ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ ነጻ ቀጠና የሚሰጥ፣ ጠብ ቢነሳ በሽምግልና ይፈታ የሚል ውል ነበር።

በዚያው ዓመት መገባደጃ መስፍኑ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተነሳ። ዕድሜው 55 ደርሷል። ከአብረውት ተጓዦች አንዱ በኋላ የኢትዮጵያን ቋንቋዎችና ታሪክ በማጥናት ስመ ጥር የሆነው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ከአርሲና ከባሌ ደጋ ምንጮቹን አይተው፣ ወንዙን በገደልና በቆላ ተከትለው፣ በኦጋዴን በኩል በ1929 መጀመሪያ ሶማሊያ ወጡ። ያጠናቀረው ካርታና መጽሐፍ በ1932 ታተመ። በአርክቲክ እንደነበረው ሁሉ የሠራው ሥራ ትክክለኛና ትዕግሥት የተሞላ ነበር። ልዩነቱ በሸበሌ ዳር ለእያንዳንዱ መልካ ስም የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ነው።

መስፍኑ መጋቢት 18 ቀን 1933 በሶማሊያው መንደሩ በሕመም ሞተ። መዳኑ እንደማይቀጥል ሲረዳ ጣሊያን ሄዶ ከሞት በኋላ በነገሥታቱ መቃብር ከመጋደም ሸበሌ ዳር መቀበርን መርጦ ነበር፤ እንደ ፈቃዱም ሆነ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ በታህሳስ 1934 የወልወል ግጭት ተነሳ። በ1935 ጣሊያን የ20 ዓመቱን ውል በሰባተኛው ዓመት ቀድዳ ኢትዮጵያን ወረረች፤ የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ የመጣው በሸበሌና በገናሌ ሸለቆዎች በኩል ነው። መስፍኑ ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ በየሰፈሩ የተቀበሉት ሰዎች ግን የጦርነቱን ፍዳ ቀመሱ።

ከ1937 ጀምሮ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የተቀመጠው የአውስታው መስፍን አሜዴኦ የመስፍኑ የወንድም ልጅ ነው። በወጣትነቱ ከአጎቱ ጋር ወደ ሸበሌ ሄዶ ነበር። በሐምሌ 1940 በእሱ ሥር የነበረው ጦር የኬንያዋን ሞያሌ ከቦ እንግሊዞችን አስወጣ። ከተማዋን በ1907 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ስምምነት በተሰመረ ድንበር ለሁለት ተከፍላ የኖረች ስትሆን፣ የድንበሩ ሁለት ወገን ቦረናዎች ለጊዜው በአንድ ወራሪ ሥር ወደቁ። በየካቲት 1941 ጣሊያኖች ሞያሌን ለቀቁ። አሜዴኦ በግንቦት ወር በአምባ አላጌ እጁን ሰጥቶ በምርኮኛነት ወደ ኬንያ ተወሰደና በመጋቢት 1942 ናይሮቢ ውስጥ በሕመም ሞተ። መቃብሩ በኬንያዋ ኔሪ ከተማ፣ በጣሊያናውያን ወታደሮች መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል።

አጎቱ የመሠረተው መንደር ዛሬ ጆውሃር ይባላል። ሸበሌ ከከተማዋ አልፎ ወደ ሞቃዲሾ ይቀርብና ባህሩን ሳይነካ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ፣ በአብዛኛው ዓመት ከረግረግ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።