ክሎድ ሻነንና የመልእክት ልክ

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ለሙያችን መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት መካከል የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ሰሞን፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ የመጣ አንድ የቆየ የቪዲዮ ካሴት በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ካሴቱ የሦስት ሰዓት የሠርግ ምስል የያዘ ነው። ባለቤቶቹ በዲቪዲ ተገልብጦ እንዲቀመጥላቸው ሲልኩት አንድ አደራ ጨምረውበታል፤ ይኸውም ሠርጉ ለሁለት ሳይቈረጥ በአንዲት ዲስክ እንዲያልቅ ነው። ዲስኳ የምትይዘው መጠን የታወቀ፣ የሠርጉም ርዝመት የማይቀነስ በመሆኑ፣ የሚቀረው ለእያንዳንዱ ሴኮንድ ምን ያህል ቢት ቢመደብ እንደሚበቃ መወሰን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሒሳብ ሊመለስ እንደሚችል ለዓለም ያሳየው ክሎድ ኤልውድ ሻነን ነውና፣ የሚጻፍለት ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሻነን ኤፕሪል 30 ቀን 1916 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ፔቶስኪ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን ጌይሎርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴና የውርስ ጉዳይ ዳኛ ነበር፤ እናቱ መምህርት፣ ኋላም ርእሰ መምህርት ነበረች። ከልጅነት ሥራዎቹ አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ግማሽ ማይል ያህል ርቆ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ለመነጋገር፣ በመካከላቸው የተዘረጋውን የአጥር እሾሃማ ሽቦ መስመር አድርጎ ቴሌግራፍ ሠርቶ ነበር። ሽቦው ለከብት እንጂ ለመልእክት የተዘረጋ አልነበረም። ባልታሰበለት ሽቦ ላይ መልእክት ያሳለፈ ልጅ፣ አድጎ የመጥፎ መስመር ጠበብት ቢሆን ብዙ አያስደንቅም።

በ1936 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በሒሳብ ሁለት ዲግሪ ተቀብሎ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄደ። በዚያም ቫኒቨር ቡሽ ያሠራውን ግዙፍ የስሌት መኪና በሚያንቀሳቅሱት ማብሪያና ማጥፊያዎች መካከል ሲውል፣ በ19ኛው ምእተ ዓመት ጆርጅ ቡል የደረሰው የእውነትና የሐሰት ሒሳብ ከእነዚህ ማብሪያዎች ጋር አንድ መሆኑን አስተዋለ። በ1937፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ይህንኑ የሁለተኛ ዲግሪ ድርሰቱ አደረገው። ዛሬ የምንሠራባቸው የኮምፒዩተር ክፍሎች ሁሉ በዚያ ድርሰት በተመለከተው መንገድ የተነደፉ ናቸው። በ1940 በዘር ውርስ ሒሳብ ላይ ጽፎ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ፤ ወደዚያ የጥናት ዘርፍ ግን ተመልሶ አልገባበትም።

በ1941 ቤል የምርምር ቤት ገብቶ በጦርነቱ ዘመን የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ አተኳኰስንና የምስጢር ጽሕፈትን ያጠና ጀመር። በ1943 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ወደዚያው መጥቶ ሁለቱ ሻይ ቤት እየተገናኙ ይጨዋወቱ ነበር። ሁለቱም የምስጢር ሥራ ላይ ስለነበሩ ስለ ሥራቸው መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህም የሚያወሩት መኪና ሊያስብ ይችል እንደሆነ ነበር።

ሻነንን ሻነን ያሰኘው ሥራ በ1948፣ በሐምሌና በጥቅምት፣ በቤል የቴክኒክ መጽሔት ሁለት ጊዜ ተከፍሎ የወጣው የመልእክት ልውውጥ ሒሳባዊ ንድፈ ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት ቴሌግራፍ፣ ቴሌፎንና ራዲዮ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምሕንድስና ነበራቸው። ሻነን ሁሉንም በአንድ ሚዛን አስቀመጣቸው። የሚዛኑም ድንጋይ ቢት ነው፤ ስሙን ያወጣለት የሥራ ባልደረባው ጆን ተኪ ሲሆን፣ መጠኑም እኩል ዕድል ካላቸው ሁለት ነገሮች አንዱን ለመለየት የሚበቃው ነው። አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ቢነገር መልእክትነቱ ኢምንት ነው፤ ያልተጠበቀ ነገር ቢነገር ግን ብዙ ቢት ይመዝናል። የእንግሊዝኛን ጽሑፍ በዚህ ሚዛን ቢለካው ግማሹ ያህል ትርፍ ሆኖ አገኘው፤ ማለትም ጸሐፊው የመረጠው ሳይሆን የቋንቋው ልማድ ያመጣው ነው። ትርፍ የሆነውን ጥሎ ማስተላለፍ፣ ተቀባዩም ዘንድ መልሶ መሙላት ይቻላል።

ይህ ዘዴ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በድጓ ላይ ከቃላቱ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች፣ በትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተሠሩ የሚባሉት፣ ይህንኑ ያደርጋሉ። አንድ ወይም ሁለት ፊደል አስቀድሞ በቃል ከተጠና ዜማ ተወስዶ ሲጻፍ፣ ሙሉውን የዜማ ሐረግ ይጠራል። ብራናው የሚሸከመው ፊደሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚሸከመው ለዓመታት የተማረው መሪጌታ ነው። ሻነን የድጓን ነገር እንዳልሰማ እርግጠኛ ነኝ፤ ቢሰማ ግን በጣም ደስ የሚለው ይመስለኛል።

የዚሁ ድርሰት ሁለተኛ ቁም ነገር፣ ማንኛውም መስመር ሊያልፈው የማይችለው የራሱ ጣሪያ እንዳለው፣ ከጣሪያው በታች እስከሆነ ድረስ ግን መስመሩ ምንም ያህል ጫጫታ ቢኖርበት በተገቢው ኮድ ስሕተቱን እንደተፈለገው ማሳነስ እንደሚቻል ማረጋገጡ ነው። ሆኖም ኮዱ መኖሩን እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አላሳየም። ያንን መፈለግ ለሌሎች የብዙ ዓመታት ሥራ ሆነ። ለምሳሌ ዴቪድ ሃፍማን የተባለ ተማሪ በ1951 ከማጠቃለያ ፈተና ለመዳን በጻፈው የክፍል ጽሑፍ፣ ዘወትር ለሚመላለስ ምልክት አጭር፣ ለብርቅዬው ረዥም ኮድ የሚሰጥበትን ከሁሉ የተሻለ መንገድ አገኘ። የዲቪዲ ቪዲዮ ዛሬም በዚያ ዘዴ በተሠሩ ሰንጠረዦች ይጻፋል።

ለካሴታችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1959 የጻፈው ነው። በዚያ ጽሑፍ፣ ተቀባዩ ይህን ያህል መዛባት ቢታገሥ ቢያንስ ስንት ቢት እንደሚያስፈልግ አሰላ። ስንት ልንጥል እንደምንችል ሳይሆን፣ ስንት ብንጥል ምን እንደምንከፍል የሚናገር ሕግ ነው።

ወደ መዘዞው ሠርግ ልመለስ። አንዲት ተራ ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት፣ ማለትም 37.6 ቢሊዮን ቢት ትይዛለች። ይህ ለ10,800 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 3,480 ኪሎቢት ያህል ይደርሳል። ከዚህ ላይ ለድምፅ 192 ኪሎቢት፣ ለፋይሉ ማሸጊያም ጥቂት ተቀንሶ፣ ለምስሉ 3,200 ገደማ ይተርፋል። መጀመሪያ ስሠራው ጊጋባይቱን ኮምፒዩተሩ እንደሚቈጥረው በ1,024 እያባዛሁ ወሰድሁና ፋይሉ በ350 ሜጋባይት ያህል ከዲስኳ ተረፈ። የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ለማመቅ አንድ ሌሊት የፈጀ ኮምፒዩተር ጠዋት እንዲህ ሲያሳይ የሚሰማውን ያየ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ችግር ከስሌት የባሰ ነበር። ለእያንዳንዱ ሴኮንድ እኩል ቢት ብመድብ፣ እስክስታው ሲጦፍ ምስሉ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል፤ አያትየዋ ተቀምጠው ሲመርቁ ደግሞ የተመደበው ሳይፈለግ ይባክናል። ስለዚህ በሁለት ዙር መሥራት ግድ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ክፍል አስቸጋሪነት ይለካል፣ በሁለተኛው ዙር የተፈቀደለትን ድምር ሳያልፍ ከቀላሉ ቀንሶ ለከባዱ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሻነን ሚዛን ጠባዩን አሳየኝ። ከሁሉ ይልቅ ቢት የበላው ካሴቱ በማርጀቱ የመጣው በረዶ መሰል ብልጭታ ነበር፤ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነገር በሻነን ሒሳብ ትልቁ መልእክት ነውና። ከሁሉ ያነሰው የአያትየዋ ፊት ነው። ሻነን ንድፈ ሐሳቡ ትርጉምን እንደማይመለከት ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተናግሯል፤ ስለዚህ የተሳሳተው እርሱ አይደለም። ብልጭታውን በማጣሪያ አለዝቤ፣ ለምርቃቱ ክፍል ኮምፒዩተሩ ከመደበው በላይ በእጄ ጨመርሁለት። ዲስኳ ሞላች፤ አልተረፈም።

ሻነን ከ1956 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ተቋም አስተማረ፤ በ1978 ጡረታ ወጣ። የንድፈ ሐሳቡ ስም እየገነነ ሲሄድ በየሙያው ያለ ሁሉ ያላግባብ ሊጠቀምበት ቢጀምር፣ በ1956 ራሱ ባለቤቱ ፍጥነታችሁን አብርዱ የሚል አጭር ማሳሰቢያ ጻፈ። ዝና የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም። በ1950 ራሷ መንገድ እየፈለገች የምትማር የመኪና አይጥ ሠርቷል፤ በቤል ኮሪደሮች ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሲነዳ፣ ኳሶችን በአየር ሲያቀባብል ይታይ ነበር። ሚስቱ ቤቲ በዚያው ቤት የሒሳብ ባለሙያ የነበረች ስትሆን፣ የተጋቡት በ1949 ነው፤ በብዙ ሥራውም ረድታዋለች።

በስተርጅና አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ያዘው። ሐሳቡን የተከተሉ ሰዎች በ1990ዎቹ ቪዲዮን በዲስክ ላይ ሲያኖሩ፣ ከእርሱ ሥራ የወጣው ነገር በየቤቱ ሲገባ፣ እርሱ ግን የሠራውን ማስታወስ አልቻለም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2001 በማሳቹሴትስ፣ ሜድፎርድ ከተማ በሚገኝ መጦሪያ ውስጥ በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

ዲስኳን ወደ መዘዞ ስልክ ካሴቱንም አብሬ መልሻለሁ። ሲታመቅ የተጣለ ቢት ተመልሶ አይገኝምና፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው እንዳይጥሉት በጽሑፍ አደራ ብያለሁ።